ከጎርፍ ቦይ እስከ ኮምፒዩተር፦ በራያ ቆላ ያየነው የቤት ውስጥ ትምህርት



ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የአላውሃን ድልድይ ተሻግሮ ጎብዬንና ሮቢትን ካለፈ በኋላ ተራራው ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ሜዳው ከፊቱ እየሰፋ ሲሄድ ይታዘባል። በምዕራብ በኩል የላስታና የግዳን ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር በኩል የሚመጣውን ሙቀት እንደ መጋረጃ ሊይዘው ይሞክራል፤ ይሞክራል እንጂ አይችለውም። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ የራያ ቆላ ነው። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ውሃ ባለበት ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ በዚህ ሜዳ ላይ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ተቀምጣለች።

ወደዚያ የወሰደን አንዲት እናት የላኩብን ቃል ነው። «ልጆቼ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር እየተማሩ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን የለንም፤ መጥታችሁ እዩልን» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ሲደርሰን ፈገግ ብለናል። ያለ በሬ ማረስ ይቻላል እንደማለት መስሎን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሄደን ካየን በኋላ ግን በፈገግታችን አፍረናል።

ስለ ልጆቹ ከመናገራችን በፊት ለምን ቤት እንደዋሉ መግለጽ ይገባል። በውጭ አገር ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም ይህን የሚመርጡ አሉ። በራያ ግን ምርጫ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዓመቱ ጥቅምት ጦርነቱ ተነሣ፤ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን በከተማዋና በዙሪያዋ የብዙ ሲቪሎች ሕይወት ጠፋ፤ የቆቦ ሰው ያቺን ጳጉሜን ሳያነሣ ጨዋታ አይጨርስም። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግመኛ ተመለሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመና ሰው እፎይ ሲል፣ ያው ዓመት ሳያልቅ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ፈነዳ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በነዚህ ዓመታት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ያረፍንበት ቤት ልጆችም ሲከፈት እየሄዱ ሲዘጋ እየተመለሱ ዓመታቱን ቆጥረዋል። ታላቂቱ የ13 ዓመት ልጅ ስምንተኛ ክፍል መሆን ሲገባት አምስተኛን አልጨረሰችም። ተከታይዋ ወንድ ልጅ 10፣ ትንሹ 7 ዓመታቸው ነው።

ቤቱ ከቆቦ ወጣ ብሎ በሆርማት ወንዝ በኩል ባለች መንደር ውስጥ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ አንድ ትልቅ የግራር ዛፍ አለበት፤ ከዛፉ ሥር ሰሌን ተነጥፏል። ጧት ጧት በዚያው ሰሌን ላይ የቁርአን ትምህርት ይካሄዳል፤ ልጆቹ ሉሐቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ይቀራሉ። ከቁርስ በኋላ የአክስታቸው ልጅ ይመጣል። ይህ ወጣት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምሮ ሥራ ሲያጣ ወደ እርሻው የተመለሰ ነው። «ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ዝም ብዬ ከማያቸው» ብሎ ነው የጀመረው። ከሦስቱ ጋር የጎረቤት ልጆች ተጨምረው ስምንት ሆነዋል።

መጀመሪያ ያየነው «የአህያ ጨዋታ» የሚሉትን ነው። አንዱ ልጅ ዓይኑ በነጠላ ታስሮ አህያ ይሆናል። ባዶ ጀሪካን ይሸከማል። ሌላው ከበሩ አንሥቶ እስከ ውሃ በርሜሉ በቃል ብቻ ይመራዋል። የሚፈቀዱት ትእዛዞች አራት ናቸው፤ «ፊት» ከእርምጃ ቁጥር ጋር፣ «ቀኝ ዙር»፣ «ግራ ዙር»፣ «አውርድ»። ትእዛዙ አስቀድሞ በከሰል በካርቶን ላይ ይጻፋል፤ ከተጀመረ በኋላ መጨመርም መቀነስም የለም። በዚያን ቀን ታላቂቱ የጻፈችው ትእዛዝ ወንድሟን በርሜሉ ዘንድ ሳይሆን አመድ ቁልል ውስጥ ከተተው። ልጆቹ ሳቁ። ወጣቱ መምህር ግን አንድ ሕግ አለው፤ በአህያው መሳቅ ክልክል ነው። «አህያው የታዘዘውን አድርጓል። ስሕተቱ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው፤ ፈልጉት» አላቸው። ስምንት ራስ ካርቶኑ ላይ ተደፋ። «ፊት 6» መሆን የነበረበት «ፊት 9» ተብሎ ነበር፤ ልጅቱ በራሷ እርምጃ ሳይሆን በታናሽ ወንድሟ አጭር እርምጃ ለክታ ነው። ታርሞ እንደገና ተሞከረ፤ ጀሪካኑ በርሜሉ ሥር ተቀመጠ።

ይህ ጨዋታ ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሲይሞር ፓፐርት የተባለው የሒሳብ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ለልጆች የሠራው ሎጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ልጁ «ኤሊ» የምትባልን ነገር ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ያዛል። ኤሊዋ ስትሳሳት ልጁ ራሱ እንደ ኤሊ ሆኖ መንገዱን ይራመደዋል። ኮምፒዩተር አስተዋይ አይደለም። የነገሩትን ብቻ፣ በነገሩት ቅደም ተከተል ይፈጽማል። ፕሮግራም ማለት ያ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ማንኛውም የሙስሊም ቤት ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት ያውቀዋል። ውዱእን እንመልከት፤ ቅደም ተከተል አለው፤ ፊትና እጅ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ ራስ አንድ ጊዜ ይታበሳል፤ ውሃ ከታጣ ደግሞ ተየሙም አለ። ቅደም ተከተል፣ ድግግሞሽ፣ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ»፤ የፕሮግራም ምሰሶዎች እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የ7 ዓመቱ ልጅ የውዱእን ትእዛዝ በካርቶን ሲጽፍ «እግርን እጠብ» ብሎ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳይጽፍ ቀረ፤ እኅቱ «እንግዲህ እስከ ዙህር ስታጥብ ትውላለህ» አለችው።

በሁለተኛው ቀን ያየነው አምስት የካርቶን ካርዶችን ነው። በአንዱ ላይ 1 ነጥብ፣ በሌሎቹ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥቦች በከሰል ተደርገዋል። አምስት ልጆች ተሰልፈው ካርዱን ይይዛሉ፤ ወይ ነጥቡን ያሳያሉ፣ ወይ ይገለብጡታል። ቁጥር ሲጠራ የነጥቦቹ ድምር ያን ቁጥር እንዲሆን ማን እንደሚያሳይና ማን እንደሚገለብጥ ይመካከራሉ። 13 ሲባል 8፣ 4 እና 1 ተገለጡ፤ 16 እና 2 ተገለበጡ። በአምስት ካርድ ከ0 እስከ 31 ያለው ቁጥር ሁሉ ይገኛል። ኮምፒዩተር ቁጥርን፣ ፊደልን፣ ድምፅንና ሥዕልን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ «አለ» እና «የለም» ብቻ አሉት። ይህን የካርድ ጨዋታ ጨምሮ ያለ ኮምፒዩተር የሚሰጡ በርካታ ልምምዶችን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁትና ያሠራጩት በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ናቸው። ወጣቱ መምህር ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለ በፍላሽ ገልብጦ ያስቀረው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ግን ከኒውዚላንድ የመጣ አይደለም። አያታቸው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ አዛውንት፣ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያዳምጡ ነበር። የገበጣ ጠጠር አስመጡና «እኔም አንድ ላሳያችሁ» አሉ። 13 ፍየል እያንዳንዱ በ22 ብር ቢሸጥ ስንት ይሆናል? (ዋጋው የድሮ ነው፤ አሁን በዚያ ዋጋ የፍየል ጆሮም አይገኝ።) በአንድ በኩል 13ን እኩል እያካፈሉ፣ ትርፏን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 አደረጉ። በሌላው በኩል 22ን እያጠፉ 22፣ 44፣ 88፣ 176 አደረጉ። በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር፣ ማለት ለሁለት ያለ ትርፍ የሚካፈል ቁጥር፣ ያለበትን ረድፍ አስወገዱ፤ 6 ስለሆነ 44 ወጣ። የቀሩት 22፣ 88 እና 176 ተደምረው 286 ሆኑ። 13 ጊዜ 22 እውነትም 286 ነው። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ይህ ስልት «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» ተብሎ ይጠራል፤ በሌሎች አገሮችም ይታወቃል።

ልጅቱ ጠጠሩን ትኩር ብላ አየችና ተነሥታ ካርዶቹን አመጣች። «አባየ፣ የቀሩት እኮ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ናቸው። ለ13 የተገለጡት ካርዶችም እነዚያው ናቸው! 1፣ 4 እና 8!» አለች። አዛውንቱ ያወቁት ስልት ለምን እንደሚሠራ በሰማንያ ዓመታቸው ያን ቀን ገባቸው። መቁጠሪያውን አስቀምጠው «አጃኢብ!» አሉ። ወጣቱ መምህርም ቢሆን ይህን ለማሳየት አላቀደም ነበር፤ እንዳልነበረ ራሱ ነግሮናል።

እዚህ ላይ አንድ ስም ማንሣት ግድ ይላል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ ይኖር የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ አል-ጀብር የጻፈውን መጽሐፍ ሰዎች በውርስ፣ በክፍፍል፣ በሙግት፣ በንግድ፣ መሬት በመለካትና ቦይ በመቆፈር ጉዳይ እንዲጠቀሙበት ብሎ እንዳዘጋጀው በመግቢያው ገልጿል። ከመጽሐፉ ሰፊው ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ደረጃ በደረጃ የተጻፈ የአሠራር ትእዛዝ በዓለም ሁሉ «አልጎሪዝም» የሚባለው ስሙ በላቲን ቋንቋ ከተጻፈበት አኳኋን የተነሣ ነው። የልጆቹ አባት ፈራኢድ በመጠኑ ያውቃሉና ማታ ማታ ይህን ያስጠኗቸዋል፤ ባል ሲሞት ልጅ ካለው የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ፣ ከሌለው ከአራት አንድ ነው። ልጆቹ ይህን በፕሮግራም አጻጻፍ «ልጅ ካለ… ካልሆነ…» ብለው በካርቶን ላይ ጽፈውታል። ስለ ውርስና ስለ ቦይ የተጻፈ ዕውቀት በሸህ ቤትና በጎርፍ ቦይ መካከል ለሚያድግ የራያ ልጅ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

በዚያው ምሽት ቡና እየጠጣን የልባችንን ጥርጣሬ ለእናትየው ሳንሸሽግ አነሣን። ፊደል በቅጡ ላልለየ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ለራቀው ልጅ፣ ይህ ቅንጦት አይሆንም ወይ? እናትየው አሥረኛ ክፍል ጨርሰዋል። «ትንሹ ፊደል የለየው ለምን ይመስላችኋል? የአህያውን ትእዛዝ ካላነበበ ተራ ስለማይደርሰው ነው» አሉን። ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ «ለትልቋ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶብናል። ቤት የዋለች ልጅ ሲያዩ ጨርሳለች ይላሉ። አባቷ ‹ትምህርት ላይ ናት› ብሎ መለሳቸው። ይህ ሰሌን ባይኖር ምን ብሎ ይመልሳቸው ነበር?» ብለው ጨመሩ። እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያነጋገረ አንድ ሙከራ በአገራችን ተደርጎ ነበር። የአሜሪካው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ድርጅት በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጭቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላላዩ ልጆች ያለ መምህር ታብሌት አደለ። ልጆቹ በወራት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘመሩ፣ የተዘጋውን የታብሌቱን ቅንብር ሳይቀር ፈትተው ሲከፍቱ መገኘታቸው ተነገረ። የልጆቹ ጉብዝና አያጠራጥርም። እኛን የሚያጠራጥረን «መምህር አያስፈልግም» የሚለው መደምደሚያ ነው። በሆርማት ያየነው ተቃራኒውን ነው፤ መምህር፣ እናትና አያት አሉ፤ ማሽኑ የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና በነፃ ጀምሯል። መልካም ዕድል ነው፤ ነገር ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነውና ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ለሚወጣ ልጅ ሩቅ ነው።

ማሽኑ ጨርሶ የለም ማለታችንም አይደለም። ወጣቱ ከዩኒቨርሲቲ የቀረችው አንዲት ላፕቶፕ አለችው። ባትሪዋ ደክሟል፤ ቆቦ ወርዶ ቻርጅ አድርጎ ሲመለስ ሁለት ሰዓት ታገለግላለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስምንት ልጅ፣ ሁለት ሰዓት። በላይዋ ላይ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ለልጆች ይፋ የሆነው ስክራች ተጭኗል። ትእዛዞቹ እንደ መጫወቻ ጡብ ተገጣጥመው ይሠራሉ፤ በአማርኛም ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ይህን የምንጽፈው በየቤቱ አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ወላጆች እንድታውቁት ነው፤ በፍላሽ ተገልብጦ ከቤት ወደ ቤት ሊሄድ ይችላል። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ በካርቶን ጽፈውና በእግራቸው ፈትሸው ስለሚመጡ ያችን ሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ አያባክኑባትም። የከተማ ልጆች ማሽን ፊት ቁጭ ብለው «ምን እንሥራ?» ሲሉ አይተናል። የሆርማት ልጆች ግን እያንዳንዳቸው ካርቶናቸውን በብብታቸው ይዘው ነው የሚሰለፉት።

በመጨረሻው ቀን ማሳውን ልናይ ወረድን። በራያ ቆላ የራሱ የሜዳው ዝናብ ብቻውን ማሽላን አያደርስም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ሆርማትና ጎሊና በጎርፍ ይሞላሉ፤ ገበሬው ወንዙን በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ዋናው ቦይ፣ ከዋናው ወደ ቅርንጫፍ ቦይ፣ ከዚያ በክትር ወደ ተከበበው ማሳ ያስገባዋል። ጎርፉ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም፤ ሲመጣም ለጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማን አስቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ ምን ያህል ሲሞላ ለቀጣዩ እንደሚለቅ ሥርዓት አለው፤ የሚያዝም ሽማግሌ አለ። አያታቸው ለብዙ ዓመታት ይህን ሲያዝዙ ኖረዋል። በራያ ሸለቆ በዘመናዊ መንገድ በሲሚንቶ ከተሠሩት ጠለፋዎች መካከል በደለል ተሞልተው ያስቸገሩ እንዳሉ ሲነግሩን «ወንዙን ሳይጠይቁ አዘዙት» አሉ። እኛም ይህን ስንሰማ የአመዱ ቁልል ትዝ አለን።

ልጅቱ በሳምንቱ ስትሠራበት የነበረውን ትልቅ ካርቶን ይዛ ወርዳ ነበር። የጎርፉን ሥርዓት እንደ ፕሮግራም ጽፋዋለች። «ጎርፍ ከመጣ የላይኛውን ማሳ ክፈት። ውሃው እስከ ጉልበት ከደረሰ የላይኛውን ዝጋ፤ ቀጣዩን ክፈት። ማሳ እስኪያልቅ ወይም ጎርፉ እስኪያልቅ ድገም።» ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆማ ለአያቷ አነበበችላቸው። አዛውንቱ በከዘራቸው ተደግፈው ዝም ብለው አዳመጡ። ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«አንች ልጅ፣ የማንን ጉልበት ነው? ያንችን ወይስ የእኔን?»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። ያው የእርምጃው ስሕተት ነበር፤ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጥቶባታል። እሳቸው ግን አላበቁም።

«ሌሊት ቢመጣና ክትሩን ቢሰብረውስ? ይኸ ወረቀትሽ ምን ይላል?»

«አላልኩትም፣ አባየ።»

«ጎርፍ እኮ የሚሰብረው ያላሉትን ነው፤ ጻፊዋ!»

ተቀመጠች፤ ከሰሏን ከኪሷ አወጣች። ትንሹ ወንድሟ «ክትር» በየትኛው «ከ» እንደሚጀመር ሊያሳያት ጎንበስ አለ። ከምዕራብ በኩል የደጋው ሰማይ ጠቁሮ ነበርና ሽማግሌው እሷ እስክትጨርስ ቆመው ወደ ላይ ወደ ወንዙ ይመለከቱ ነበር።